ቅርስ ለመጠበቅ የተማረ ወዴት ይቀጠር?





እኔ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጌዶ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ልጆች ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ጊዜ ሲቃረብ ወላጆች «ልጄ ምን ቢማር ይሻላል?» እያሉ ይጠይቁናል። ሕክምና ወይም የሒሳብ አያያዝ ስንል ፊታቸው ይፈካል። አርኪዮሎጂ፥ የሥነ ጥበብ ታሪክ ወይም የሙዚየም ሥራ ያልን እንደ ሆነ ግን «ይኸ ደግሞ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱም የሚገኘው ከመምህሩ ሳይሆን የሥራ መደብ ከሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ስለ ሆነ፥ ነገሩን ለመንግሥት ሠራተኞች ለማቅረብ ወደድሁ።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂንና የቅርስ አስተዳደርን ትምህርት ይሰጣል። ተመራቂው ግን ሥራ ሲፈልግ ዓይኑ የሚያርፈው በጥቂት በሮች ላይ ነው። እነዚህም በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው የድንቅነሽ ቤት ብሔራዊ ሙዚየም፥ በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፥ በሠዓሊው ስም የተሰየመው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል፥ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዲህም የዓድዋ ድል መታሰቢያ ናቸው። አራቱም ያሉት በአንዲት ከተማ ነው።

ቅርሱስ ወዴት ነው? ቅርሱ በየወረዳው ተበትኖ ይገኛል። ብራናውና መስቀሉ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፥ ቦኩው በአባ ገዳዎች እጅ፥ ሲንቄው በእናቶች እጅ፥ ጋሻውና የአርበኝነት ዘመን ጠመንጃው በየሽማግሌው ቤት ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ሥርዓቱ በዓለም መዝገብ ከገባ፥ ቦኩው ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈና ዛሬ በማን ዘንድ እንዳለ በወረዳው መዝገብ የሚጽፍ ሰው ሊኖር አይገባምን?

ሕግ የለም እንዳይባል፥ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። ሆኖም አዋጅ በራሱ እግር ሄዶ አይመዘግብም፤ ሰው ያስፈልገዋል።

ከተማሪዎቼ አንዱ በዚሁ ሙያ በመልካም ውጤት ተመረቀ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ቢያገባ «በዚህ ትምህርት የተፈቀደ መደብ የለንም» ተባለ። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ሥራ ሁሉ ክቡር ነውና ባጃጅ መንዳቱን አልነቅፍም። የሚያሳዝነኝ፥ ብራናን ከእርጥበትና ከብል ማዳን የተማረው ልጅና ብል የሚበላው ብራና በአንድ ወረዳ እየኖሩ ሳይገናኙ መቅረታቸው ነው።

ብዙ ሰው የሙዚየም ሠራተኛ ማለት በር ላይ ቆሞ ቲኬት የሚቈርጥ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን መዝገብ ነው። ለዕቃው ቍጥር ይሰጠዋል፤ ከማን፥ ከየትና መቼ እንደ መጣ ይጻፋል፤ ይለካል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያም ፀሐይ ቀለሙን እንዳያደበዝዘው፥ እርጥበትም እንዳያሻግተው ይጠበቃል። ያልተመዘገበ ዕቃ የተሰረቀ እንደ ሆነ «የኛ ነው» ብሎ ለመክሰስ እንኳ ማስረጃ አይገኝም። የመዝገብን ኃይል ለማወቅ መቅደላን ማስታወስ ይበቃል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከዚያ የተዘረፉት መጻሕፍት ለንደን ከገቡ በኋላ፥ ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ በእንግሊዝ ቤተ መዘክር ያሉትን የግእዝ መጻሕፍት ዘርዝሮ እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመ። የወሰደው ወገን 10 ዓመት ሳይሞላው መዝግቦ ሲያበቃ፥ እኛ ባለቤቶቹ በእጃችን የቀረውን ገና መዝግበን አልጨረስንም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

«ወረዳው መንገድና ውሃ ሳይሟላለት ስለ ሙዚየም ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ይህ አነጋገር ከቅን ልብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም የምለው ሕንፃ ይሠራ አይደለም። ለመጀመሪያው ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል፥ አንድ መዝገብ፥ አንድ ካሜራና የአንድ ሰው ደመወዝ ይበቃል። በሐረር አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩት ስብስብ አድጎ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ የከተማው ሙዚየም ሆኗል። መንገዱ ዘንድሮ ባይሠራ ለከርሞ ይሠራል፤ የተሸጠ መስቀል ግን በከርሞ በጀት አይመለስም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ በየወረዳው ቅርስ የሚመዘግብ አንድ ባለሙያ መደብ ይፈቀድ፤ በማስታወቂያውም ላይ የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ተመራቂዎች በግልጽ ይጠሩ።

ሁለተኛ፥ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ታሪክ ይመልከቱ። ፖስታ ቤት የቴምብር ሙዚየም አለው፤ ሌላው መሥሪያ ቤት ግን የጥንቱን ማኅተም፥ መዝገብና የጽሕፈት መኪና ከአሮጌ ወንበር ጋር በሐራጅ ሲሸጥ ይታያል። ንብረት ከመወገዱ በፊት አንድ የሠለጠነ ሰው ቢያየው ምን ይጐዳል? በወመዘክርም፥ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ በሚፈተሽበት በጉምሩክም ለዚህ ሙያ የሚሆን ሥራ አለ።

ሦስተኛው ለተመራቂዎቹ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የብሔራዊ ሙዚየምን ማስታወቂያ መጠበቅ ብቻ አይበጅም። ከቄሱ፥ ከአባ ገዳውና ከሽማግሌው ጋር ተቀምጦ በአገሬው ቋንቋ ጠይቆ መጻፍ የሚችል፥ ዕቃውን ሳይወስድ ባለበት መዝግቦ የሚመለስ ሰው፥ እምነትንም ሥራንም ያገኛል። ባለቤቱ ዕቃውን የሚደብቀው አንዳንድ ጊዜ «ላጥና» ብሎ የወሰደ ሰው ሳይመልስለት በመቅረቱ ነውና።

የብራናውን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሎች በየዓመቱ እያለፉ ናቸው። እነሱ ካለፉ በኋላ የሚቀጠር መዝጋቢ፥ ዕቃውን ቢያገኝ እንኳ ስሙን የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይታሰብበት እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ጌዶ፥ ምዕራብ ሸዋ