ዕቃውን ሸጦ ሥርዓቱን መደበቅ

በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ዕቃ ሁሉ ትእዛዝ ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል። ኪቦርድና ፍላሽ ገና እንደተሰኩ የሚሠሩት የሚታዘዙበት ሥርዓት በይፋ ታትሞ ማንም የሚያነበው ስለሆነ ነው። ብዙ ስካነርና ፕሪንተር ግን አምራቹ ብቻ በሚያውቀው ሥርዓት ነው የሚታዘዙት፤ ያንን የሚረዳው ደግሞ አምራቹ በአብዛኛው ለዊንዶውስ የሚያዘጋጀው ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ መታደስ ሲያቆም አንድም ብሎን ያልላላበት ስካነር ዕቃ ቤት ይጣላል፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚጠቀመው ሰው ደግሞ ከመነሻውም አልታሰበም። የተደበቀውን ሥርዓት በትዕግሥት መርምረው የሚያወጡና ድራይቨሩን ራሳቸው የሚጽፉ ባለሙያዎች አሉ። ሥራቸው ከሰርጎ ገብነት ጋር ሲደመር እንሰማለን። በእኔ እምነት ግን ጥያቄ ሊቀርብለት የሚገባው ዕቃውን ሸጦ ማዘዣውን ያስቀረው ወገን ነው።

የኪኔክት ታሪክ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ለኤክስቦክስ ጌም ያወጣው ይህ ካሜራ ዋጋው 150 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከፊቱ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ በሰከንድ 30 ጊዜ ይለካል። ለሮቦት ተመራማሪዎች በዚያ ዋጋ የማይታሰብ ነገር ነበር። አዳፍሩት የተባለው የኒው ዮርክ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ለዕቃው ክፍት ድራይቨር ለሚጽፍ ሰው 1,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። ማይክሮሶፍት ምርቱ እንዲነካካ እንደማይፈልግና ከሕግ አስከባሪዎች ጋር እንደሚሠራ ሲያስጠነቅቅ ሽልማቱ ወደ 2,000፣ ቀጥሎም ወደ 3,000 አደገ። ድርጅቱ በኤክስቦክስና በካሜራው መካከል የሚመላለሰውን መረጃ ከገመዱ ላይ ቀድቶ ለሁሉም አሰራጨ። ስፔናዊው ሄክቶር ማርቲን ያንን ይዞ ኪኔክት አውሮፓ ገበያ በገባበት ዕለት፣ ኖቬምበር 10፣ በሊኑክስ የሚሠራ ድራይቨር ጽፎ ለቀቀ። የማይክሮሶፍትን ፕሮግራም አልሰረቀም፤ የትኛው ቁጥር ሲላክ ዕቃው ምን እንደሚያደርግ ነው የተረዳው። ለምሳሌ ለመብራቱ 1 ሲላክ አረንጓዴ፣ 2 ሲላክ ቀይ ይበራል፤ ሌላ ትእዛዝ ደግሞ የካሜራውን አንገት ቀና ወይም ደፋ ያደርጋል።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ማስጠንቀቂያውን ትዝብት ላይ ጣለው። ሮቦቶች በኪኔክት እያዩ መንገዳቸውን ማግኘት ያዙ፤ በቶሮንቶው ሰኒብሩክ ሆስፒታል ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ የታካሚውን ምስሎች በእጃቸው ሳይነኩ ማገላበጥ ቻሉ። ማይክሮሶፍት በዚያው ኖቬምበር ቃሉን አለዝቦ የዩኤስቢ መገናኛውን ሆን ብሎ ክፍት እንደተወው በባለሙያው አፍ ተናገረ። በጁን 2011 ደግሞ የራሱን የፕሮግራመሮች መሣሪያ ለዊንዶውስ አወጣ። ከሰረ የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

አምራቾች የሚያነሱት አንዱ ሥጋት አስመስሎ የሚሠራ ተወዳዳሪ ነው። ሥጋቱ እውነት አለው፤ መድኃኒቱ ግን አንዳንዴ ከበሽታው ይከፋል። የግላስጎው ቺፕ አምራች ኤፍቲዲአይ በ2014 ያወጣው የዊንዶውስ ድራይቨር አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን ሲያገኝ መለያ ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ይለውጥ ነበር። የተቀጣው አስመሳዩ ፋብሪካ ሳይሆን ሳያውቅ የገዛው ሰው ነው፤ ቺፑ ያለበት ዕቃ በእጁ ላይ ሞተበት። ኩባንያው ከተቃውሞው በኋላ ድራይቨሩን አነሳ። ሊኑክስን የሚያዘጋጁት ሰዎች ግን ዜሮ ቁጥር የያዙትንም ቺፖች እንዲያውቅ አድርገው አስተካከሉት። ማን ለገዢው እንደቆመ አንባቢ ይፍረድ። ሕጉም ቢሆን አምራቾች እንደሚያስፈራሩበት አይደለም፤ የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1991 ባወጣው የሶፍትዌር መመሪያ ፕሮግራሞች አብረው እንዲሠሩ ሲባል ፈትቶ መመርመርን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። ከገመድ ላይ መረጃ ቀድቶ ማጥናት ደግሞ ፕሮግራሙን መፍታት እንኳ አይጠይቅም።

ጠንከር ያለው መከራከሪያ የገንዘብ ነው፤ ሊኑክስ ተጠቃሚው ጥቂት ነው፣ ለእሱ ድራይቨር ማዘጋጀት አያዋጣም ይባላል። ልክ ነው፣ ላያዋጣ ይችላል። ነገር ግን ድራይቨር ሥሩልን ያለ የለም፤ የተጠየቀው ዕቃው የሚታዘዝበትን ሥርዓት የሚገልጸው ሰነድ ነው፣ ያንን ደግሞ የኩባንያው መሐንዲሶች የዊንዶውሱን ሲጽፉ በእጃቸው ይዘውታል። ተራው ሰው ሰነዱን ምን ያደርገዋል የሚለው ክርክርም አያስኬድም፤ አንድ ሰው አንብቦ ድራይቨር ከጻፈ ያው ዕቃ ያላቸው ሁሉ ይጠቀማሉ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ካበቃ ወዲህ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ብዙ ደህና ኮምፒውተሮች ሊኑክስ እየተጫነባቸው ስለሆነ፣ ጥቂት የተባለው ተጠቃሚም እንደ ድሮው ጥቂት አይደለም።

ምርመራው ግን የአምራቹን ጉድለት መሙያ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ለአንድ ሞዴል ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ሲያልቅም አምራቹ አዲስ ሞዴል አውጥቷል። አምራቹን የሚያንቀሳቅሰው ገዢው ነው፤ ትልቁ ገዢ ደግሞ እኛ አገር መንግሥት ነው። የጨረታ ሰነድ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይቻላል፦ ስካነሩ ወይም ፕሪንተሩ የአምራቹ ድራይቨር ያልተጫነበት የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ አንድ ገጽ ስካን ያድርግ ወይም ያትም። ፈተናውን ለማለፍ ለስካነርና ለፕሪንተር በይፋ የታተመውን የጋራ ሥርዓት መከተል ይበቃል፤ የሚከተሉ ሞዴሎችም ዛሬ ገበያ ላይ አሉ። ፈተናው አምስት ደቂቃም አይፈጅም፤ የወደቀውንም ከመረከብ በፊት መመለስ ይቻላል።