የአሌክሳንድሪያ ሕፃናትና የ1939ኙ ፎቶግራፍ

በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጥቁሮች ታሪክ የሚታወሰው በአብዛኛው በፌብሩዋሪ ወር ነው። ስለ ሮዛ ፓርክስ ይነገራል፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ ሥዕል በቀለም ይቀባል፤ ወሩ ሲያልቅ ሥዕሉ ከግድግዳ ይወርዳል። ለሕፃኑ የሚቀርለት ትምህርት ግፉ በሩቅ ቦታ ተፈጽሞ ያለቀ መሆኑ ብቻ ነው። ይህ አካሄድ መለወጥ አለበት። ታሪኩ ከሕፃኑ ሰፈር ይጀምር፤ ሕፃኑም ራሱ ይመርምር፣ ራሱ ይጻፍ።

ለአብነት የቨርጂኒያዋን አሌክሳንድሪያን እንውሰድ፤ አማርኛ በተማሪዎቿ ቤት በስፋት ከሚነገሩ ቋንቋዎች አንዱ የሆነባት፣ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ናት። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች ከነጮች በቀር ወደማይገባበት የከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት ተራ በተራ ገብተው የአባልነት ካርድ ጠየቁ። ሲከለከሉ ከመደርደሪያው አንዳንድ መጽሐፍ አንሥተው፣ በየጠረጴዛው ለየብቻ ተቀምጠው በጸጥታ ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው፤ የተከሰሱትም ሁከት በመፍጠር ነበር! ነገሩን ያቀነባበረው የከተማይቱ ተወላጅ የ26 ዓመቱ ጠበቃ ሳሙኤል ታከር ነው። ወጣቶቹ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በፖሊስ ታጅበው ሲወጡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ዛሬም አለ።

አስተዋይ መምህር ፎቶግራፉን ያለ ማብራሪያ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ያስቀምጣል። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ለምን እንዲህ አምረው ለበሱ? ፎቶ አንሺውን ማን ጠራው? ሕፃናቱ ግምታቸውን ይጽፋሉ፤ ቀጥሎ የዘመኑ ሰነዶች ሲቀርቡላቸው ግምታቸውን ከማስረጃ ጋር ያስተያያሉ፣ የተሳሳተውን ያርማሉ።

ከባዱ ጥያቄ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከተማይቱ የዋናውን ቤተ መጻሕፍት በር በመክፈት ፈንታ በ1940 ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ሠራች። ታከር በዚያ የሚያገለግል ካርድ አልቀበልም ሲል በደብዳቤ አሳወቀ። ታዲያ ወጣቶቹ አሸነፉ ወይስ ተሸነፉ? አንተ ብትሆን ካርዱን ትቀበል ነበር? አንዱ ሕፃን «እቀበላለሁ፤ መጽሐፉ ዛሬ ያስፈልገኛል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሌላው «ከተቀበልኩ መለያየቱን አጸደቅሁ» ይላል። ሁለቱም ምክንያታቸውን በማስረጃ ማስደገፍ ይኖርባቸዋል። በዚህ ሰዓት ሕፃኑ ታሪክን ከመሸምደድ አልፎ መመዘን ጀምሯል። በአንጻሩ ልጆችን ባሪያና ጌታ አድርጎ ድራማ ማሠራት ማቁሰል ነው እንጂ ማስተማር አይባልም።

«ሕፃናት ይህን አይችሉትም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን በዚያ ቀን የሆነውን እየሮጠ ለታከር ያደረሰው ራሱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረ ልጅ ነው። «ትምህርቱ ይከፋፍላል» የሚሉም አሉ፤ በ2022 የቨርጂኒያ ገዥ የሆኑት ግሌን ያንግኪን ሥራ በጀመሩ ዕለት «ከፋፋይ» ያሏቸው ሐሳቦች ከትምህርት ቤት እንዲወጡ የሚያዝ ትእዛዝ ፈርመዋል። ለዚህ ስጋት ከሁሉ የተሻለው መልስ ምርመራው ራሱ ነው፤ ሰነዱን በእጁ ይዞ የራሱን ፍርድ የሚጽፍ ልጅ የማንም ስብከት ሰለባ አይሆንም፤ የመምህሩም ቢሆን።

እኛ ወላጆችስ? «ይህ የእነርሱ ታሪክ ነው፤ እኛ የአድዋ ልጆች ነን» የሚለው አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። አድዋን እንደ ራሳቸው ድል የቆጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወረን በአደባባይ ጮኸውልናል፤ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን አገራችን ድረስ መጥቶ አገልግሏል። በዘር ሐረግ ኮታ ላይ የቆመውን የኢሚግሬሽን ሕግ በ1965 ያስወገደው ለውጥም የጥቁሮች የመብት ትግል ባፋፋመው ዘመን የተገኘ ነው። በሩን ማን እንደከፈተው ሳይጠይቁ ቤት መግባት ጨዋነት አይደለም።

በወጣቶቹ ላይ የተመሠረተው ክስ በይፋ የተሰረዘው በ2019፣ ከ80 ዓመት በኋላ ነው። ያ ለጥቁሮች ተብሎ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ የአሌክሳንድሪያ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ሆኗል፤ በከተማይቱ በታከር ስም የተሰየመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አለ። በዚያ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ማታ «ታከር ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀን «መምህርህን ጠይቅ» ብለን አንሸኘው፤ አብረነው እንፈልግ፣ ያገኘውንም በአማርኛ ጭምር እንዲጽፈው እናድርግ።