ስለ ስልካችን፣ ስለ ፊደላችንና ስለ ትርጉም መሣሪያው

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተጨናንቋል። «መምህር፣ የትኛውን ስልክ ልግዛ?» «መምህር፣ ደብዳቤ የሚተረጉም አፕ አለ ወይ?» «መምህር፣ ልጄ አማርኛ እየጠፋበት ነው፣ ምን ላሳየው?» እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ስልክ መነካካት ግን እወዳለሁ፤ አዲስ ነገር ሲወጣም ሳልሞክረው እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ልበለው። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ያዙ።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም። ጁባ ውስጥ ስልክ ስትገዙ መጀመሪያ ባትሪውን ጠይቁ፤ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁለት ሲም የሚወስድ መሆኑን፣ ቀጥሎ የመያዝ አቅሙን እዩ። ካሜራው መጨረሻ ይምጣ። ኮኞ ኮኞ ሄዶ በካሜራ ተማርኮ የገዛ ሰው ከሰዓት በኋላ ቻርጅ የሚያደርግበት ጀነሬተር ፍለጋ ሲንከራተት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለተረፈው ገንዘብ ፓወር ባንክ ይጨመር። ብራንዱ ብዙም አያሳስባችሁ። ቴክኖና አይቴል ከአንድ እናት ኩባንያ፣ ከትራንሽን፣ የሚወጡ ናቸው፤ ኩባንያው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል፣ አማርኛ መጻፊያንም ቀድመው ካስገቡት አንዱ ነው። ሰው «የቻይና ነው» እያለ ያጣጥለዋል፤ እኔ ግን በፊደሌ የሚያጽፈኝን ስልክ አላጣጥልም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ። ስልካችሁ ፊደል እያለው ለምን በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ ትጽፋላችሁ? «ይፈጥናል» ትሉኛላችሁ። እስኪ እንቁጠረው። «ሰላም ናችሁ» በፊደል ስድስት ሆሄና አንድ ክፍት ቦታ ነው፣ በድምሩ ሰባት። በላቲን ሲጻፍ ክፍት ቦታውን ጨምሮ አሥራ ሦስት ይሆናል። ቁልፉን መልመድ አንድ ሳምንት ይፈጅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈጣኑ የትኛው እንደሆነ ጣታችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ላቲኑ «ጠ»ን እና «ተ»ን አይለይም፤ «ጨ»ን እና «ቸ»ንም እንዲሁ። አንድ ወንድም በግሩፕ ላይ ስለ ሰፈሩ ሲጽፍ «ፖሊስ መጣ» ይሁን «ፖሊስ መታ» ሳይገባን ግማሽ ቀን ተጨንቀናል። ሁለቱም በላቲን አንድ ናቸው! በፊደል ቢጽፈው ኖሮ አንድ ሆሄ ይገላግለን ነበር።

ወጣቶቹ ይህ ፊደል ስልክ ውስጥ እንዴት እንደገባ አታውቁ ይሆናል። በኮምፒውተር የመጀመሪያዎቹ ዘመናት ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እያልን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ አሠራር ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። የፈተና ወረቀት በፍላሽ ይዞ ማተሚያ ቤት ሄዶ ባዶ ሳጥን ያየ መምህር የምለው ይገባዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ ቪስታ ሲመጣ ደግሞ «ኒያላ» የተባለው የፊደል ቅርጽ አብሮ ገባ። ዛሬ ከጁባ የጻፍኩት «ሀ» ደብረ ታቦርም ሚኒሶታም «ሀ» ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ዓመታት የለፋበትን ነገር በኪሳችን ይዘን አለመጠቀማችን ያሳዝነኛል።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ ከዩኔስኮም ሽልማት ያስገኘ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ትምህርት ቤት አልገባችም። እናም እማዬ ፊደል ታነባለች፣ ላቲን አታነብም። የእናንተም እናቶችና አክስቶች አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። «ቮይስ እልክላታለሁ» የምትሉኝ አላችሁ። ጥሩ ነው፣ ድምፅ ናፍቆት ያስታግሳል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር ቮይሱም ቪዲዮውም ቆመ። የቀረልን ስልክ መደወልና ተራው አጭር መልእክት ብቻ ነበር። አጭር መልእክት በላቲን 160 ምልክት ይይዛል፣ በፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ምክንያቱ የኔትወርኩ አሠራር እንጂ የፊደላችን ጥፋት አይደለም፤ ከላቲን ውጪ ያለ ጽሑፍ ለአንዱ ምልክት ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ ነው። ቢሆንም በ70 ሆሄ ስንት ነገር ይባላል መሰላችሁ! «ደኅና ነኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ገንዘቡ በአበበ በኩል ይደርሳል፣ አታስቢ» ብላችሁ ቁጠሩት፣ ቦታ ይተርፋችኋል። እማዬ ያን ጊዜ የላክሁላትን መልእክቶች እስከ ዛሬ አላጠፋችም። ቮይስ ቢሆን ስልኳ ሲሞላ የመጀመሪያው ተጠራጊ እሱ ነበር።

በነገራችን ላይ ጥር 2025 እ.ኤ.አ. እዚህ ጁባም ፌስቡክና ቲክቶክ ለጥቂት ቀናት ተዘግተው ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። የዘመዶቻችሁን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ይኼው ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ትርጉም። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ኦሮምኛና ትግርኛ በ2022 ተከተሉ። በ2024 ደግሞ በአንድ ጊዜ 110 ቋንቋ ሲጨመር አፋርኛ፣ ዲንካና ኑዌር ገቡ። ተማሪዎቼ የእናታቸውን ቋንቋ ስልክ ላይ ሲያዩ ክፍሉ በሳቅና በጩኸት ተናወጠ፤ ወዲያው ደግሞ ስህተቱን መቁጠር ጀመሩ! እኔ የዚህ መሣሪያ ጠላት አይደለሁም። የመድኃኒት ወረቀት ለማንበብ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ለመረዳት፣ ገበያ ላይ ለመግባባት እጠቀምበታለሁ። የስደት ቃላችሁን በእሱ አስተርጉማችሁ ለማንም አታስገቡ ነው የምለው። ምክንያቴን በምሳሌ ላሳያችሁ።

«ጥር 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ተያዝኩ» ብላችሁ ጻፉ። መሣሪያው «ጥር»ን «ጃንዋሪ» ካደረገና ቁጥሩን እንዳለ ከተወው፣ ወረቀታችሁ የተያዛችሁት ጃንዋሪ 10 ቀን 2013 ነው ይላል። እውነተኛው ቀን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 18 ቀን 2021 ነው። ስምንት ዓመት ከስምንት ቀን ልዩነት! በቃል ስትጠየቁ ደግሞ አስተርጓሚው በትክክል ያሰላዋል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱና አፋችሁ ተጋጩ ማለት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ» ስንል ፈረንጆቹ ሌሊት 2 ሰዓት የሚሉትን ማለታችን ነው። መሣሪያው 8 ሰዓት ብሎ ካሳለፈው ሰው ሁሉ በመንገድ ላይ ያለበት ምሽት ይሆናል፤ «ታዲያ እንዴት ማንም አላየም?» የሚል ጥያቄ ይመጣባችኋል።

አክብሮታችንም ያጣላናል። «አባቴን ወሰዷቸው፣ ደበደቧቸው» ስንል አንድ አባት ነው። ለአባታችን «ወሰዱት» ማለት ነውር ነውና። ከፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ «ደበደቧቸው» ብቻውን ሲተረጎም ግን የተደበደቡት ብዙ ሰዎች ይሆናሉ። «ሊቀመንበሩ መጥተው ወሰዱኝ» የሚለውም መጨረሻው ብቻ ከተያዘ የወሰዷችሁ ብዙ ሰዎች ይሆናሉ። «ወንድሜ» ስንልስ? የአጎት ልጅም፣ አብሮ ያደገ ጎረቤትም ወንድም ነው። ቅጹ ላይ ሦስት ወንድም፣ በቃል አምስት ወንድም ሆኖ ሲገኝ ሰውየው የዋሸ ይመስላል። ሰውየው ግን ያደገበትን አማርኛ ነው የተናገረው።

ፊደላችንም ቢሆን እንከን አለበት፣ ልደብቅ አልፈልግም። ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «እስረኛው ይመታል» የሚለውን አንብቡት። ሌላውን የሚመታ ነው ወይስ የሚመቱት? በአፍ ስንናገረው «ታ» ትጠብቃለች ወይ ትላላለች እንለየዋለን፣ በጽሑፍ ግን አንድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን አስተውለው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቀው ሆሄ ላይ ነጥብ አደረጉ፤ ልማዱ ግን ሳይስፋፋ ቀረ። ዩኒኮድ ውስጥ ለማጥበቂያ የሚሆን ምልክት እስከ ዛሬ ተቀምጧል፣ የሚጠቀምበት እንጂ የጠፋው። ስለዚህ ቃላችሁን ስትጽፉ «እስረኛውን ይመቱታል» ብላችሁ ዘርዝሩት። ማን፣ ማንን፣ መቼ፣ በየትኛው አቆጣጠር፣ ሁሉንም ግልጽ አድርጉ። ከቀኑ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አትርሱ።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. «ሬስት ኦፍ ወርልድ» የተባለው የዜና ድርጅት ስለ አንዲት የፓሽቶ ተናጋሪ ዘግቦ ነበር። አሜሪካ ጥገኝነት ስትጠይቅ በማሽን የተተረጎመው ማመልከቻዋ «እኔ» ያለችውን ሁሉ «እኛ» አድርጎት ቃሏ ከቀደመው ቃለ መጠይቅ ጋር አልገጠመም፤ ጥያቄዋም ውድቅ ሆነ። አንዲት «እኔ» ናት ይህን ያመጣችው። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉ፤ የተጻፈው ተመልሶ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፣ ጉዳዩ የእናንተ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ። «ተስፋዬ»ን ብቻ በሦስት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን፣ ቢያስጠላችሁም፣ እስከ መጨረሻው ያዙት። ወይም በይፋ አስተካክሉት። በየወረቀቱ መለዋወጥ ግን አደጋ ነው።

አዲሶቹን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻቶችም ጠይቃችሁኛል። የሂሳብ ጥያቄ ለማዘጋጀት እጠቀምባቸዋለሁ፣ መልሱን ራሴ እየፈተሽኩ። አማርኛቸው አንዳንዴ ያምራል፣ አንዳንዴ ደግሞ በልበ ሙሉነት ይዘላብዳል። የምዝገባ ቁጥራችሁን፣ የስደት ታሪካችሁን፣ የዘመድ ስም እዚያ አታስገቡ። አንዴ የወጣ ነገር የት እንደሚያድር አናውቅም።

የልጆቹን ጥያቄ ረስቼ አይደለም። የጁባ ልጆቻችን ከእኩዮቻቸው ጋር በጁባ አረብኛ ይጫወታሉ፣ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ለአማርኛ የሚተርፈው እራት ሰዓት ነው። እኔ የጁባ አረብኛን እወደዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ግሱ እንደ እኛ አያስጨንቅም፤ «አና ጊ ሩዋ ሱክ» ካላችሁ እየሄዳችሁ ነው፣ «ጊ»ን በ«ቢ» ብትለውጡ ገና ልትሄዱ ነው። ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአንቱ መጨነቅ የለም። ልጆቹን አትከልክሏቸው፤ ገበያውም ጎረቤቱም በእሱ ነው። ለአማርኛው ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን ያግዛችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ቤት ባለሙያዎች ባህላችንን አጠፋ ብለው ተነስተውበት ነበር። ሥጋታቸው ለእነሱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እንጀራቸው ነው። እኛ ግን ያለነው ጁባ ነው። እህቴ ቤት ያለችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ «እባክህ»ን እና «እባክሽ»ን መለየት የተማረችው ከእነዚያ ድራማዎች ነው። እንደ ሰዋስው መምህር ካየሁት ከእኔ ይበልጣሉ። ድራማው ሲያልቅ ግን ስልኩን ስጧትና ለአያቷ በፊደል ሁለት መስመር ትጻፍ። «ናፍቀሽኛል»ን ለመጻፍ «ሽ»ን መፈለጓ አይቀርም።

ኪቦርዱን መጫን ያቃተው ካለ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጁባ ታውን፣ እንደ ተለመደው ቡና የምንጠጣበት ቦታ እገኛለሁ። ጂቦርድ ያለው ስልክ ከሆነ የቋንቋ ምርጫው ላይ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። የጉዳይ ወረቀታችሁን ግን ወደዚያ አታምጡ፣ ሰው ይበዛል፤ ቀኖቹን አብረን እንድንቆጥርላችሁ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝና ለብቻ እንቀጣጠራለን።