በጎረቤት አልበም ውስጥ የተገኘ ፎቶ

በዚህ እትም ስለ ሰርግ ፎቶ ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። «እህታችን፣ የትዳር ችግር ሁሉ አልቆ ነው ወይ ወደ ፎቶ የገባሽው?» የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሡኝ። ሽር ጉድ ላይ ያላችሁ እጮኛሞች፣ ልጅ ለመዳር የተነሣችሁ ወላጆች፣ በሰርግ ኮሚቴ የተመረጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል።

ከራሴ ቤት ልጀምር። እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በጥር 1991 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ፎቶ የሚነሣው በፊልም ነበር። አንዱ ፊልም 36 ፎቶ ያነሣል፤ እኛ ሦስት ፊልም ገዛን፤ በድምሩ 108 ፎቶ መሆኑ ነው። ፎቶ አንሺው ፊልሙ እንዳያልቅበት እየሳሳ ያነሣ ነበር። ታዲያ ማንን ያንሣ? ሙሽሮችን፣ ሚዜዎችን፣ ቀለበቱን፣ ኬኩን አነሣ። አልበሙ ሲደርስልን አገላብጠን አየንና ደስ አለን፤ የጎደለ ነገር አልታየንም።

የጎደለውን ያወቅነው አባቴ በ1996 ዓ.ም. ወደ ጌታ የሄደ ጊዜ ነው። ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ ስንፈልግ «የሰርግሽ አልበም ውስጥ መቼም ይኖራል» ተባለና አወጣሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለግሁ። አባቴ የለም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከሚዜዎቹ ኋላ፣ ትከሻውና የኮቱ እጅጌ ይታያል። በመጨረሻ ከመታወቂያው ላይ ጉርድ ፎቶውን አስፋፍተን ተጠቀምን። ልጆቼ አደግ ሲሉ አልበሙን እያዩ «አያታችን ሰርጋችሁ ላይ አልነበረም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ነበረ። ቀኑን ሙሉ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ነበረ። ግን ምን አሳያቸዋለሁ?

በ2009 ዓ.ም. አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጡ። ሻይ ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ከቦርሳቸው ፖስታ አወጡ። «ልጄ ያኔ ትንሽ ካሜራ ነበረችው፤ ቤት ሳስተካክል አገኘኋት፣ የአንቺ መሰለችኝ» አሉኝ። ፎቶው ላይ አባቴ አለ። ሙሉ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ በሌላው ሳፋ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ሽማግሌ ያስታጥባል። የሙሽሪት አባት ሆኖ ሳለ እጅ ያስታጥባል! ሽማግሌው አንድ ነገር ብለውት ነው መሰል ሁለቱም ይስቃሉ። ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፣ ጥግ ላይም የሰው ጣት ገብቶበታል። ዛሬ ሳሎናችን ላይ ከተሰቀሉት ሁሉ የምወደው እርሱን ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሦስት ቤት አልፎ በሰው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ በቁጭት ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን የቃና ሰርግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር አስተውላችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ የሙሽራው ስም አልተጻፈም፣ ሙሽሪትማ ጭራሽ አልተነሣችም። ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች የሞሉት አገልጋዮች ግን በታሪኩ ውስጥ አሉ፤ የወይን ጠጁ ከወዴት እንደ መጣ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው። የእኛ ዘመን ፎቶ አንሺ በዚያ ቢኖር ኖሮ ጋኖቹ አጠገብ የሚደርስ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። የዛሬ ችግር የፊልም ማነስ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የወንድሜን ልጅ ስንድር ፎቶ አንሺው ብቻውን ከስድስት መቶ በላይ ፎቶ ሰጥቶናል። ሰርገኛውም ስልክ ያልያዘ የለም። ነገር ግን ከመቶዎቹ ፎቶዎች አብዛኞቹ ሙሽሪትና ሙሽራው በመናፈሻ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲዞሩ የሚያሳዩ ናቸው። ሕዝቡ ያነሣው ደግሞ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ቀረ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ «ሜሞሪ ሞላብኝ» ተብሎ ይጸዳል።

በቅድሚያ ስለ ገንዘብ ላንሣ፤ ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። እጮኛሞች ቤቴ መጥተው ከተጋጩባቸው ነገሮች አንዱ የፎቶና የቪዲዮ «ፓኬጅ» ነው። ከሰርጉ በፊት የሚነሣ፣ ከሰርጉ በኋላ የሚነሣ፣ በትልቅ ሸራ የሚታተም፣ ከላይ በድሮን የሚቀረጽ። እርሷ «በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው» ትላለች፤ እርሱ «የቤት ኪራዩስ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ዕቁብ አስቀድሞ ወጥቶ ለቪዲዮ ተከፍሎ፣ ትዳሩ ከተጀመረ በኋላ ስምንት ወር ዕቁብ ሲከፈል አይቻለሁ፤ በየወሩ ቀኑ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ኩርፊያ ነበር። በእኔ አስተያየት ለአንድ ቀን ጥሩ ባለሙያ ያዙ፤ ትርፍ ትርፉን ተዉት። ስምምነታችሁንም በጽሑፍ አድርጉ፤ ስንት ፎቶ እንደሚሰጣችሁ፣ በስንት ቀን እንደሚያስረክብ፣ ያልታረመውን ዋናውን ፋይልም እንደሚጨምር። ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትስጡ። ሙሉውን ከፍለው አልበማቸውን ዘጠኝ ወር የጠበቁ ባልና ሚስት አውቃለሁ፤ አልበሙ የመጣው ልጃቸው ሊወለድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ሁለተኛው የቤተሰብ ፎቶ ዝርዝር ነው። ይህን የሚያዘጋጀው ፎቶ አንሺው አይደለም፤ እርሱ አጎታችሁን ከሰፈር ሽማግሌ አይለይም። ሙሽሪትም በዚያ ቀን የሰው ስም አታስታውስም። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው መድቡ፤ ዘመድ የሚያውቅና ድምፁ የሚሰማ ይሁን። አንዱ ቡድን እስኪሰበሰብና እስኪነሣ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ዐሥራ ሁለት ቡድን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ይህን ሰዓት በፕሮግራማችሁ ውስጥ አስገቡት። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ቀድማችሁ አንሡ፤ እነርሱ ምሳ በልተው መርቀው ይሄዳሉ፣ ኬክ እስኪቆረስ አይቆዩም። ያሳደገቻችሁን ሞግዚት፣ የእንጀራ እናታችሁን፣ የተኳረፉ ዘመዶችንም አስቡ። የተኳረፉትን በአንድ ፎቶ ላይ በግድ አታቁሟቸው። ሰርግ ዕርቅ የሚጀመርበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ካሜራ ፊት ግን አይጀመርም።

በቤተ ክርስቲያን ስላለው ሥርዓት ደግሞ አንድ ቃል። ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም ሕዝቡ ስልኩን ከፍ አድርጎ መተላለፊያውን ሲዘጋው፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች የሚያዩት የሰው ጀርባ ነው። ፓስተሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ያነሣ ወንድም በዓይኔ አይቻለሁ። መድረክ መሪው አስቀድሞ «ቃል ኪዳኑና ጸሎቱ እስኪፈጸም ስልካችሁን አስቀምጡልን፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ አንሡ» ብሎ በትሕትና ቢናገር ሕዝቡ ይሰማል። ያንን ክፍል ባለሙያው ያነሣዋል። ከእንግዶቹ የምንፈልገው እርሱ ሊደርስበት የማይችለውን ነው። ሌሊቱን ሽንኩርት ሲከትፉ ያደሩትን የሰፈር ሴቶች፣ ሙሽራው ሲመጣ በር የያዙትን ልጃገረዶች፣ ጠረጴዛ ሥር የተኛውን ሕፃን ማን ያነሣልን?

እንዴት ይሰበሰብ? እኛ የሞከርነውን ልንገራችሁ። አስቀድመን በቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ይህ ስሕተት ነበር። መቶ ሃያ ሰው «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲልበት ፎቶዎቹ በመካከሉ ተዋጡ፤ አንዳንዱም ለሌላው መታየት የማይገባው ነበር። በኋላ አንድ የታመነ ልጅ መርጠን ሁሉም ለእርሱ ብቻ እንዲልክ አደረግን። ልብ በሉ፤ በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ ፎቶ እንዲያው ሲላክ ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይቀንሳል። በስልክ ላይ አይታወቅም፤ አስፋፍቶ ለማሳተም ሲሞከር ግን ይደበዝዛል። በቴሌግራም «ፋይል»፣ በዋትስአፕ «ዶክመንት» በሚለው ከተላከ እንዳለ ይደርሳል፤ የተነሣበት ቀንና ሰዓትም አብሮት ይመጣል፣ ይህም በኋላ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ይረዳል። እንዲህ ሲላክ ግን የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። መቶ ፎቶ በቀላሉ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይሆናልና በራሳችሁ ሰርግ ሰውን ለወጪ አትዳርጉት።

በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኪውአር ኮድ የሚያሰባስቡም አሉ። ለወጣቶቹ መልካም ነው። አክስቴ ግን ኮዱን የምግብ ዝርዝር መስሏቸው ነበር።

ከሁሉ የጠቀመን የመልሱ ቀን ነው። አስቡት፤ የቅርብ ዘመድና የቅርብ ወዳጅ በመልስም በቅልቅልም እንደገና ይሰበሰባል፣ ስልኩም በኪሱ ነው። ያ ልጅ ላፕቶፕና ገመድ ይዞ ከቡናው አጠገብ ተቀመጠ። ያለ ኢንተርኔት የሚያስተላልፉትን እንደ ዜንደር ያሉትን ተጠቅሞ ከየስልኩ ሰበሰበ፤ ስልካቸውን መነካካት የማይሆንላቸውን እናቶችም ቁጭ ብሎ ረዳቸው። በዚያ ከሰዓት ብቻ ከሰላሳ አንድ ሰው ፎቶ አገኘን። አንድ ወር ብንቆይ ኖሮ ግማሹ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሳትጠይቁ የማንንም ፎቶ በፌስቡክና በቲክቶክ አትልቀቁ፤ ይህን ለእንግዶቻችሁም ንገሩ። ሙሽሪት ከቤቷ ስትወጣ ያለቀሰችው ለቅሶ፣ የሰው ልጅ፣ አፉን ሞልቶ የሚበላ ሽማግሌ፣ እነዚህ የቤተሰብ ናቸው። የሚሰበስበው ልጅ ሁሉን ያያልና አፉ የተቆለፈ ይሁን።

ስለ አቀማመጡም እንዲሁ። የእኛ ሰርግ ቪዲዮ በቪኤችኤስ ካሴት ነበር፤ ማጫወቻው ከቤት ከጠፋ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. ወደ ዲጂታል ስናስገለብጠው የመዝሙሩ ክፍል በመስመር ተሞልቶ ነበር። በሲዲ የተቀበላችሁም ብትሆኑ አትዘናጉ፤ ዛሬ ብዙ ላፕቶፖች ሲዲ ማጫወቻ የላቸውም። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ፤ አንዱ በወላጆች ቤት ይሁን። ከሁሉም መርጣችሁ ሃምሳ ያህሉን በወረቀት አሳትሙ፤ ከኋላውም ስም ጻፉበት። ከሃያ ዓመት በኋላ «ይህቺ ማን ናት?» ተብሎ የሚመልስ አይገኝም። ደግሞ ከእናንተ አንዱ በአሜሪካ የሚኖርና ሌላውን ለመውሰድ የሚያስብ ካለ፣ በትዳር ጓደኛ ቪዛ ሂደት ከሚቀርቡት ማስረጃዎች መካከል የሰርግ ፎቶ እንዳለበት እወቁ። በዚያ ጊዜ ከወላጅና ከዘመድ ጋር የተነሣችሁት ከመናፈሻው ፎቶ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

የወንድሜ ልጅ ታላቅ እህት አላት፤ ዱባይ በሰው ቤት ትሠራለች። ለአዳራሹም ለቀሚሱም ከተከፈለው አብዛኛውን የላከችው እርሷ ናት። ፈቃድ አጥታ ለሰርጉ አልመጣችም። ቃል ኪዳኑን በስልክ በቪዲዮ ልናሳያት ሞከርን፤ መስመሩ እየተቆረጠ የታናሽ እህቷ «አዎ» ሳይሰማት ቀረ። ፎቶ አንሺው ያስረከበን ሲደርሳት አመሰገነችና ዝም አለች። በማግስቱ በድምፅ መልእክት «አክስቴ፣ ሁሉም ያምራል። እማዬ ግን የታለች? ምን ለብሳ ነበር?» አለችኝ። እንደገና አየሁት። የወንድሜ ሚስት ከስድስት መቶው ውስጥ በአራቱ ብቻ አለች፤ በአራቱም ቀጥ ብላ ቆማ፣ ፊቷ ተኮሳትሮ።

ከእንግዶች የሰበሰብነውን አገላበጥኩ። ሃያ ሦስት ፎቶ ላይ አገኘኋት። በአንዱ ሽርጥ በሐበሻ ቀሚሷ ላይ አስራ የዶሮ ወጡን በመዳፏ ትቀምሳለች። በአንዱ ወንበር ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። በአንዱ ከመዘምራኑ ኋላ ቆማ ዓይኖቿን ጨፍና ትዘምራለች። ሃያ ሦስቱንም በፋይል ላክሁላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልስ መጣ። «ጫማዋን ያወለቀችበትን አሳትሜ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ» ይላል።