«ኩላሊት ነው!» ብሎ መሸኘት ይብቃ

ሰኞ ባቲ ገበያ ሲዞር የዋለ ገበሬ ወገቡን ይዞ፣ ጉልበቱ ዝሎ ጤና ተቋም ገባ እንበል። ሽንት ስጥ ይባላል። ወረቀቱ «የመግል ሴል» ይዞ ይመጣል። ፍርዱ ይከተላል፦ «ኩላሊት ነው!» አንቲባዮቲኩን ገዝቶ ይሄዳል። ስንት ቀን እንዳስቀመጠው የጠየቀው የለም።

ይህ ሕክምና ሳይሆን ግምት ነው፤ ያውም በታካሚው ኪስ።

ሽንት ውስጥ ነጭ ሴል መታየቱ ብቻውን ኢንፌክሽን አያረጋግጥም። በአግባቡ ያልተቀዳ ናሙናም ሊያሳየው ይችላል። ሽንት ከ2 ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ ከቆየ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ በከሚሴ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ነፍሰ ጡር ካልሆነች፣ ማቃጠልም ትኩሳትም ከሌለ፣ አብዛኛው ሰው በወረቀቱ ብቻ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። በከንቱ የተዋጠ መድኃኒት ባክቴሪያን ያለማምዳል፤ ነገ የምር ስንታመም አይሠራም።

ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። የተለመደው የሽንት ምርመራ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየምና ፖታሲየም አይነግርም። ተቅማጥ፣ ትውከትና ላብ እነዚህን ጨዎች ያጥባሉ። ፖታሲየም ከ3.5 ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፤ ከ2.5 በታች ከሆነ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ሶዲየም ከ135 እጅግ ሲወርድ ሰው ይቀባዥራል። አንቲባዮቲክ ይህንን አይተካም።

የደም ውጤትም ቢሆን አንባቢ ይፈልጋል። ሲቀዳ ወይም እስከ ደሴ ሲጓዝ ቀይ ሴሎቹ የፈረሱበት ደም ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ ያደርጋል።

«መሣሪያ የለም» ይባላል። እውነት ነው፤ የ2014ቱ ጦርነት በክልሉ ብዙ ጤና ተቋማትን አራቁቷል። ለዚህ መልስ መስጠት ያለበት በጀት የሚይዘው አካል ነው፤ ከደዌ ሐረዋ እስከ ጅሌ ጥሙጋ ያለ ሕዝብ ለአንድ የፖታሲየም ምርመራ መኪና መሳፈር የለበትም።

መጠየቅ ግን መሣሪያ አይፈልግም። «ሲሸኑ ያቃጥልዎታል? አስቀምጦዎታል? ምን ያህል ጠጡ?» ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ አንድ ከረጢት ለምለምም ለብዙዎች ከአንቲባዮቲኩ ይበልጣል።

ታካሚውም ዝም አይበል። «ኩላሊት ነው» ሲባል «በምን አወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።