የኤሌክትሪክ ሥጋ ማጠኛ ለወለጋ ክረምት

በዚህ ወር የምናወራው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የሥጋ ማጠኛ ነው። ነጋዴዎች «ስሞከር» ይሉታል። ሲያዩት አነስተኛ ፍሪጅ ይመስላል። ከታች እንደ ምጣድ የሚግል ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚጨመርበት ትሪ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሥጋ መደርደሪያዎች አሉት። ሽቦው ሲግል ፍቅፋቂው ሳይነድ ይጨሳል፤ ሥጋውም በዝግታ እየበሰለ ወይም እየደረቀ የጭሱን መዓዛ ይይዛል።

ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ብዙ ጊዜ ትልቅ የጡንቻ ሥጋና የሚስቅ ቤተሰብ ነው። ቡርቃ ጃቶም ሆነ ሌላ የነቀምቴ ሰፈር ለሚኖር ቤተሰብ ግን የዚህ ዕቃ ዋና ጥቅም ሌላ ነው፤ ቋንጣ። በእንቁጣጣሽና በመስቀል ቅርጫ የገባ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሥጋው ብዙ ነው፣ የወለጋ ዝናብ ገና አላባራም፣ መብራት እየሄደ ስለሚመጣ ማቀዝቀዣው ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ገመድ ላይ የተሰጣው ዝልዝል በእርጥበቱ የተነሳ በሁለተኛው ቀን መሽተት፣ በሦስተኛው መሻገት ይጀምራል። ገጠር ያሉ እናቶቻችን ይህን የሚፈቱት ሥጋውን ከምድጃው በላይ በመስቀል ነው፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ጭሱ ዝንብ ያርቃል። እኛ የከተማዎቹ ምጣዳችንን ኤሌክትሪክ ስናደርግ ያን ምድጃ አጥተናል። ስለዚህ ማጠኛ ስትመርጡ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ ይህ ዕቃ በክረምት የዚያን ምድጃ ሥራ ይሠራልኛል ወይ?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ካርቶኑ ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዕቃውን የሚሸጠው ነገር ነው። ለገዢው የሚበጁት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ በትንንሽ ፊደል ይሰፍራሉ። እስቲ ካርቶኑን እናዙረው።

ቮልቱን ቀድማችሁ እዩ

የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ በስጦታ የሚልከው ማጠኛ ግን በአብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እንዲሁ ብትሰኩት ሽቦው ከታሰበለት ከ3 እጥፍ በላይ ኃይል ስለሚስብ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። የተላከላችሁ እንዲህ ያለ ከሆነ ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ዋጋውንም ከዕቃው ዋጋ ጋር ደምሩት። ዘመዳችሁ ገና ካልገዛ ዛሬውኑ ደውላችሁ «220 እስከ 240 ቮልት የሚል ፈልግልኝ» በሉት።

ፍጆታው እንደሚፈራው አይደለም። 800 ዋት የሆነ ማጠኛ 8 ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ለ2 ሰዓት እንጀራ ሲጋገርበት ከሚፈጀው ጋር ተቀራራቢ ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ አታብሩ እንጂ።

ስክሪን ወይስ ማዞሪያ?

ስክሪን ያለው ያምራል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ባለ ስክሪን ማጠኛዎች መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደገና ካልተነኩ ሥራ አይጀምሩም። ሥጋውን አስገብታችሁ ገበያ ብትሄዱ፣ ስትመለሱ ለብ ያለ ጥሬ ሥጋ ይጠብቃችኋል። እንደ ምጣድ በማዞሪያ የሚሠራው ግን መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ቤተሰብ ርካሹ የተሻለው ነው።

የትኛውንም ብትገዙ ይህን ሕግ ያዙ፦ ሥጋው ገና ሳይበስል ወይም ሳይደርቅ መብራት ሄዶ 2 ሰዓት ከሞላ፣ አውጥታችሁ በጋዝ ወይም በከሰል አብስሉት። በሩን ዘግቶ መብራት መጠበቅ ባክቴሪያ ማርባት ነው።

ዝቅተኛው ሙቀትና የአየር መውጫው

ሻጮች ከፍተኛውን ሙቀት ይነግሯችኋል። እናንተ ዝቅተኛውን ጠይቁ። ቋንጣ በደንብ የሚደርቀው ከ54 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። ከ100 ዲግሪ የሚጀምር ማጠኛ ሥጋውን ያበስለዋል እንጂ አያደርቀውም። ከላይ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር መውጫ መኖሩንም እዩ። እርጥበቱ መውጫ ካጣ ሥጋው በራሱ ላብ ይቀቀላል።

በሩ ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ ብቻ አትመኑ፤ ሥጋ ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ለብቻው ግዙ። ትክክለኛነቱን በፈላ ውሃ ፈትኑት። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 93 ካሳየ መለኪያው ደህና ነው፤ 100 ካሳየ ግን ሥጋው ሳይበስል «በስሏል» ይላችኋል። ዶሮ 74፣ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ውስጡ ድረስ መድረስ አለበት።

እንጨቱ እና ቦታው

በእንጨት በኩል የታደልን ነን። የወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ፣ በኦሮምኛ ኤጀርሳ የምንለው፣ ለሥጋም ግሩም ነው። የቡና ገበሬዎች ያረጀ ቡናቸውን ሲጎነድሉ የሚተርፈው ደረቅ ግንድም መልካም ጭስ ይሰጣል፤ ኬሚካል ያልተረጨበት መሆኑን ጠይቁ። ጽድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላና የፋብሪካ ቺፑድ ግን አታስገቡ። ፍቅፋቂው ደረቅ ይሁን፤ አንድ እፍኝ ለመጀመሪያው ሰዓት ይበቃል።

«ኤሌክትሪክ ስለሆነ ቤት ውስጥ ይቻላል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። እንጨት ሲጨስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሕፃን ይገድላል። ቦታው ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ በረንዳ ነው። ዝናብ የማይነካው፣ ከግድግዳና ከመጋረጃ የራቀ፣ መሰኪያው ኧርዝ ያለው ይሁን። ልጆች የሚጫወቱበት ጥግ ላይ አታቁሙት።

ለመጀመሪያው ቋንጣ

ስብ የሌለውን ቀይ ሥጋ ቀጭን አድርጋችሁ ዘልዝሉ፤ ስብ ቶሎ ይበላሻል። በጨው፣ በበርበሬና በቁንዶ በርበሬ ካሻችሁት በኋላ ከማድረቃችሁ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቁት። ይህ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትልና ጎጂ ባክቴሪያዎችን ይገድላል። አዋቂው ቋንጣውን ፍርፍር ሠርቶ ይበላዋል፤ ልጆች ግን እንዲሁ እየቀነጠቡ ስለሚያኝኩት ይህን እርምጃ አትዝለሉ። ከዚያ በ60 ዲግሪ አድርቁት። ስታጥፉት ተሰንጥቆ ጭረቱ ከታየ፣ ግን እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ደርሷል። ከ1 ኪሎ ጥሬ ሥጋ ግማሽ ኪሎ ቋንጣ እንኳ ስለማይወጣ፣ ለቅርጫ ሥጋ 3 ወይም 4 መደርደሪያ ያለው ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. በጨው፣ በጭስና በመሳሰሉት የተዘጋጀ ሥጋ ለአንጀት ካንሰር እንደሚያጋልጥ አሳውቋል፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት ስጋቱን በ18 በመቶ ያሳድገዋል። ስለዚህ የታጠነ ሥጋ የበዓልና የእንግዳ ምግብ ይሁን፤ የልጆች የየዕለት ምሳ ዕቃ ውስጥ አይግባ።

ታዲያ እንግዛ ወይስ እንተው? በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቅርጫ የምትገቡ፣ ክፍት በረንዳ ያላችሁ ከሆናችሁ ያዋጣችኋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ ወይም በዓመት አንዴ ብቻ ለምትጠቀሙ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። ቅርጫ በጋራ እንደምንገባ ሁሉ ግቢ ያለው ጎረቤት ካለ ማጠኛውም በጋራ ይገዛል፤ አራት ቤተሰብ ተራ ገብቶ ይጠቀምበታል። ሱቅ ስትሄዱ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ቮልቱ ስንት ነው? ዝቅተኛው ሙቀት ስንት ነው? መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱ ይነሳል? ሻጩ ሦስቱንም ካልመለሰላችሁ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቤታችሁ ሰላም ይሁን።