ከላይ ተከልክሎ ከታች ማንኳኳት

ናይሮቢ ሥራ ፍለጋን የምትጠራበት የራሷ ቃል አላት፤ «ታርማኪንግ»። አስፋልት መርገጥ እንደማለት ነው። የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ አቃፊ ይዞ ከዌስትላንድስ ወደ አፐር ሂል፣ ከአፐር ሂል ወደ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ይመላለስ የነበረው ተመራቂ ዛሬ ግማሹን መንገድ በስልኩ ይጨርሰዋል፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም። በዚህ ምልልስ መሐል አንድ የሚያስቸግር ነገር ደጋግሞ ይመጣል። አንድ ድርጅት አመልካቹን ለባለሙያነት ቦታ ይጠራዋል፣ ይፈትነዋል፣ ቃለ መጠይቅ ያደርግለታል፤ በመጨረሻም «ስለተወዳደሩ እናመሰግናለን፤ ለዚህ ጊዜ አልተመረጡም» የሚል አጭር መልእክት ይልክለታል። ወር ሳይሞላ ያው ድርጅት፣ በዚያው የሥራ ክፍል፣ የረዳት ሠራተኛ ማስታወቂያ ያወጣል። ያመልክት ወይስ ይተወው? የአዲስ አበባም የባሕር ዳርም ተመራቂ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ማመልከቱ ውርደት የለበትም፤ ጥበብነቱ ግን የሚለካው ደረጃው ምን ያህል ዝቅ አለ በሚለው አይደለም። ከታችኛው ወንበር ወደ ላይኛው የሚያወጣ መሰላል አለ ወይስ የለም? ሌላው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ይመጣል።

በመጀመሪያ እጅ የሚይዘው ይሉኝታ ነው። «አልፈልግህም ያሉኝን ሰዎች ዝቅ ብዬ ልለምን?» የሚለው ስሜት ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ደጅ ጥናትን የምታውቅ አገር ልጆች ነን። በነገሥታቱ ዘመን ሹመት ፈላጊ ከጌታው ደጅ ወራትና ዓመታት ይቆም ነበር፤ ከሙያው ይልቅ የሚመዘነው ትዕግሥቱና ታማኝነቱ ነበር። የሥራ ማመልከቻ ግን ደጅ ጥናት አይደለም። ደጅ ጠኚ የሚጠይቀው ችሮታ ነው፤ አመልካች ግን እውቀቱንና ጉልበቱን ይዞ ለግብይት የቀረበ ሰው ነው። ደግሞም «አልተመረጡም» የሚለው ቃል ከሚመስለው ያነሰ ነገር ነው የሚናገረው። ቦታው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ የወጣውም አልተመረጠም፣ መቶኛ የወጣውም አልተመረጠም፤ መልእክቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ሁለተኛ የወጣው ሰው ራሱን ከመቶኛው ጋር ደምሮ ቢሸሽ የሚጎዳው ራሱን ነው። የናይሮቢ ገበያም ለኩራት ሰፊ ቦታ የለውም። የኬንያ ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ በኢኮኖሚ ጥናቱ እንዳሰፈረው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተፈጠሩት 782 ሺህ ያህል አዳዲስ ሥራዎች ከአሥሩ ዘጠኙ መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ የተፈጠሩ ናቸው። ኬንያውያን ይህን ዘርፍ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ነው፣ ጥላ በሌለበት እየተሠራ የሚበላበት። የወር ደመወዝና የጽሑፍ ውል ያለው ወንበር፣ ዝቅተኛውም ቢሆን፣ እንዲህ ሲጠብ መናቁ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ከውስጥ ማደግ የሚያዋጣ ስለመሆኑ ማስረጃ አለ። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የዋርተን ትምህርት ቤት ተመራማሪ የሆነው ማቲው ቢድዌል እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ ለተመሳሳይ ቦታ ከውጭ የተቀጠሩትን ከውስጥ ካደጉት ጋር አነጻጽሯል። ከውጭ የመጡት በአማካይ 18 በመቶ ያህል የበለጠ ይከፈላቸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን የሥራ ምዘናቸው ከውስጥ ካደጉት ያነሰ ነው፤ ቦታቸውን የሚለቁትም እነሱ ይበዛሉ። በወረቀት ላይ ትምህርታቸውም ልምዳቸውም የተሻለ ሆኖ ሳለ ነው ይህ የሆነው። ምክንያቱ ለማንም ሠራተኛ ግልጽ ይመስለኛል፦ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ የትኛው ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ደንበኛው በምን እንደሚቆጣ የሚማሩት ውስጥ ገብተው ነው። ስለዚህ ለላይኛው ቦታ ለጥቂት የቀረ ሰው በረዳትነት ገብቶ ቤቱን ቢያውቅ፣ ቦታው ዳግም ሲከፈት ከማንም ውጫዊ ተወዳዳሪ በተሻለ ይዞታ ላይ ይገኛል። ይህ ግን ድርጅቱ ከታች ወደ ላይ ሰው የሚያሳድግ ከሆነ ነው፤ የክርክሩ እግር የቆመው በዚህች «ከሆነ» ላይ ነው።

መሰላል የሌለበትን ቤት ለማየት ከናይሮቢ መሐል ወደ ሰሜን ጊጊሪ መሄድ ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምና የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራሙ ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያው ነው፤ የአዲስ አበባ አንባቢ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽኑን (የኢሲኤን) ግቢ ቢያስብ ሥርዓቱ አንድ ነው። በሁለቱም ግቢ ሠራተኛው በዋናነት በሁለት ሰልፍ ይቆማል። አንደኛው «ጂ» የሚባለው የጠቅላላ አገልግሎት ሰልፍ ነው፤ ከአገር ውስጥ ይቀጠራል፣ በአገሩ ገንዘብ ይከፈለዋል። ሌላው «ፒ» የሚባለው የባለሙያዎች ሰልፍ ነው፤ ከዓለም ዙሪያ ይወዳደራል፣ ደመወዙ በዶላር ይሰላል። ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳለፈው ውሳኔ ከ«ጂ» ወደ «ፒ» የሚደረገውን ዝውውር በታችኞቹ ሁለት የባለሙያ እርከኖች ብቻ ወሰነው፤ እሱም በተወሰነ ኮታና በፈተና ብቻ እንዲሆን። በዚህ ሥርዓት ለአሥርት ዓመታት የታየው ነገር አስገራሚ ነው፦ ከውጭ የመጣ አመልካች መስፈርቱን ካሟላ ለመካከለኛ የባለሙያ ቦታ በቀጥታ ሲወዳደር፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በጸሐፊነትና በረዳትነት ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ግን ያንኑ ቦታ በቀጥታ መጠየቅ አይችልም ነበር። የድርጅቱ ሠራተኛ ማኅበራት ሲነቅፉት የኖሩት አጥር ይህ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ለባለሙያነት ተወዳድሮ የወደቀ ሰው «ለጊዜው በረዳትነት ልግባ፣ በኋላ አድጋለሁ» ቢል፣ የተሳሳተው ሥራን ባለመናቁ አይደለም፤ ግድግዳውን መሰላል ብሎ በማሰቡ ነው። በርግጥ የ«ጂ» ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም በከተማው ገበያ ሲታይ ደህና ነው፤ ለዚያው ብሎ ለሚገባ ሰው ውሳኔው ሌላ ነው። ለእድገት ብሎ ለሚገባው ግን ደንቡን ማንበብ ከቃለ መጠይቁ ዝግጅት መቅደም ነበረበት።

ሌላም ዓይነት አለ፤ መሰላሉ ያለ የሚመስል፣ ሰው ግን እየታገለ ብቻ የሚወጣው። የኬንያ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለአዲሱ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንን «ኢንተርን» በሚል ስም ቀጠረ። ስሙ ተለማማጅ ይበል እንጂ ሰዎቹ ሠልጥነው፣ ተመርቀውና ተመዝግበው የጨረሱ መምህራን ነበሩ፤ የሚያስተምሩት እንደማንኛውም መምህር ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሲሆን የሚሰጣቸው በወር 20 ሺህ ሽልንግ ነበር። ቋሚ ቅጥር ጠይቆ ያጣ ሰው ለዚያው ቀጣሪ በዝቅተኛ ስም ሲገባ የሚሆነውን ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ናይሮቢ የሚገኘው የሥራና ሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑ መምህራንን በተለማማጅነት የመቅጠር ሥልጣን የለውም ሲል ፈረደ፤ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱም ተለማማጆቹ ሥራ አቆሙ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ወደ 46 ሺህ የሚሆኑት ቋሚ ሆኑ። እንግዲህ «ታች ገብተው ላይ ወጡ» ማለት ይቻላል፤ ያወጣቸው ግን ትዕግሥታቸው ሳይሆን ክሱና አድማው ነው። ኮሚሽኑም ቢሆን በዚያው ሰሞን ለሌሎች 20 ሺህ ያህል ተለማማጆች ማስታወቂያ አውጥቷል። ሥራው ሳይቀንስ ስሙና ደመወዙ ብቻ ሲቀንስ ዝቅ ብሎ ማመልከት አይባልም፤ ያንኑ ሥራ በርካሽ መሸጥ ነው።

ተቃውሞዎቹን ወደ ጎን ማለት አይቻልም። አንደኛውና ብርቱው «ዝቅ ብሎ የጀመረ ዝቅ ብሎ ይቀራል» የሚለው ነው። በርኒንግ ግላስና ስትራዳ የተባሉ የአሜሪካ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት 43 በመቶ የሚሆኑት ተመራቂዎች የመጀመሪያ ሥራቸው ዲግሪ የማይጠይቅ ነበር፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ከዚያው አልወጡም። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ለእኔ ግን የመሰላሉን ክርክር ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በሙያው መስክ ውስጥ ሆኖ አንድ እርከን ዝቅ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከመስኩ ጨርሶ መውጣት ሌላ። የሒሳብ ባለሙያነት የተነፈገ ሰው በሒሳብ ረዳትነት ቢገባ የሚነካው ያንኑ መዝገብ ነው፤ በዚያው ድርጅት በእንግዳ ተቀባይነት ቢገባ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የሚጽፈው የሥራ ልምድ እንግዳ የመቀበል ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የቀጣሪው ነው፤ «ከመጠን በላይ የተማረ ሰው ይሰለቻል፣ የተሻለ ሲያገኝ ጥሎን ይሄዳል»። በአሜሪካ ኮኔቲከት፣ ኒው ለንደን በተባለች ከተማ አንድ የፖሊስነት አመልካች የችሎታ ፈተና ውጤቱ ከሚገባው በላይ ከፍ አለ ተብሎ ተከልክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ከተማዋን ደግፏል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ስጋቱ ግን ውሸት አይደለም፤ መፍትሔው ዲግሪን ከማመልከቻው ላይ መደበቅ ሳይሆን (አንዳንዶች ያደርጉታል፣ ሲታወቅባቸው የሚያጡት ግን እምነት ነው) ስንት ዓመት ለመቆየት እንዳሰቡና ለምን እንደመጡ ሳይጠየቁ መናገር ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ልብ ይነካል፦ ባለ ዲግሪው የዲፕሎማውን ቦታ ሲወስድ ባለ ዲፕሎማው የት ይሂድ? ለዚህ ንጹሕ መልስ የለኝም። የሥራ እጥረትን በአንድ አመልካች ጫንቃ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይመስለኝም፤ ያ የመንግሥትና የቀጣሪው ዕዳ ነው።

ናይሮቢ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ነገሩ ሌላ ቋጠሮ አለው። ከኢስሊ እስከ ሁርሊንግሃም ያለው ወገናችን ብዙ ጊዜ የሚመካከረው «ለጊዜው ያገኘኸውን ያዝ» እየተባባለ ነው፤ በአገር ቤት ደህና ምክር ነው። በኬንያ ሕግ ግን የውጭ ዜጋ ተቀጣሪ የሚሰጠው «ክላስ ዲ» የሚባለው የሥራ ፈቃድ ከተወሰነ ቀጣሪና ከተወሰነ ሥራ ጋር የታሰረ ነው፤ ቀጣሪውም ሙያው ከአገሩ ሰው እንደማይገኝ ማሳመን አለበት። ለከፍተኛ መሐንዲስነት ይህን ማሳመን ይቻል ይሆናል፤ ለቢሮ ረዳትነት ግን እንዴት ተብሎ? ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች፣ ለዩጋንዳዊው ወይም ለታንዛኒያዊው የተደረገው ማቅለያ ለእኛ አይደርስም። ስለዚህ ለኬንያዊው አንድ እርከን መውረድ በሩን ሲያሰፋለት፣ ለኢትዮጵያዊው ሊዘጋበት ይችላል። በስደተኝነት የተመዘገበውም ቢሆን እ.ኤ.አ. የ2021 የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብቱን ቢያውቅለትም የሚያስፈልገው «ክላስ ኤም» የተባለ ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ ከኩራትም ከትሕትናም በፊት የሚታየው የፈቃዱ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ለታችኛው ቦታ የሚያመለክት ሰው ከማመልከቻው በፊት ሊያጣራው የሚገባ ነገር ብዙ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከዚያ ወንበር ተነሥቶ ወደ ላይኛው የወጣ ሰው አለ? እዚያው የሚሠሩትን አንድ ሁለት ሰዎች ሻይ ጋብዞ መጠየቅ ይበቃል፤ ናይሮቢም አዲስ አበባም በሻይ ላይ የማይገኝ መረጃ የለም። በመጀመሪያው ዙር ለምን እንዳልተመረጠም ይጠይቅ፤ ዝም ከተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ የማየት መብት እንደሰጠው ያስታውስ። ቀጣሪዎችን ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ማስታወቂያችሁ ላይ የትምህርት ደረጃ፣ የልምድ ዓመትና የማመልከቻ ቀነ ገደብ ትጽፋላችሁ፤ ደመወዙን «በስምምነት» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ከዚያ በታች አንድ መስመር ጨምሩ፦ በዚህ ቦታ የሚቀጠር ሰው ወደየትኛው ቦታ፣ በምን መስፈርት ሊያድግ እንደሚችል። የማያድግበት ከሆነም ያንኑ ጻፉ።